ፕሮግራም ከመግዛትሽ በፊት ፋይሉን እዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ጣና ሐይቅ ዳር ያለ ቢሮ ሥራ ጀምረሽ፣ ከቀድሞው ሠራተኛ የተረከብሽው ፍላሽ ውስጥ ግማሹ ፋይል አልከፈት ብሎሻል። አንዱ ኤክስቴንሽን (ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው) የለውም። አንዱ ዳት ይላል። አንዱ ኤስኤችፒ ነው። የአማርኛው ወርድ ደግሞ ይከፈትና ዝብርቅርቁ ይወጣል። «ሁሉንም የሚከፍት ሶፍትዌር ግዢ ተባልኩ፣ እውነት ነው?» ነው ያልሽው።

አትግዢ። ሁሉንም የሚከፍት ሶፍትዌር የለም። አንቺ ለዘረዘርሻቸው የሚያስፈልገው ደግሞ ከሞላ ጎደል በነፃ ይገኛል።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ፣ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ፍላሽ ይዞ የማይመጣ ሰው የለም። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ አስጎብኚው፣ ሁሉም «በምን ይከፈታል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሆነ ነው የማየው። እሱ ከታወቀ መክፈቻው አይጠፋም።

በቅድሚያ ፍላሹን እንዳለ ኮምፒውተርሽ ላይ ኮፒ አድርጊውና ኦሪጅናሉን አስቀምጪው። ከዚያ ፎልደሩን ከፍተሽ «ቪው» የሚለው ውስጥ ግቢና «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ዊንዶውስ ካልነገርሽው ኤክስቴንሽን ይደብቃል። ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ምስሉ የፎልደር የሆነ፣ ስሙ «ፎቶዎች» የሚል፣ ኤክስቴንሽኑ ሲገለጥ ግን ኢኤክስኢ የሆነ ፋይል ካየሽ ቫይረስ ነው ብለሽ ያዢው። ደብል ክሊክ እንዳታደርጊው። እውነተኛው ፎልደር ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ይገኛል፤ እዛው «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ስታበሪ ብቅ ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አልከፈት ሲለው ኤክስቴንሽኑን በእጁ ይቀይርና ይሞክራል። የበርበሬ ጣሳ ላይ «ቡና» ብለሽ ብትለጥፊበት ውስጡ ቡና አይሆንም። ኤክስቴንሽን የምትቀይሪው ውስጡን ካወቅሽ በኋላ ብቻ ነው።

ውስጡ እንዴት ይታወቃል? ኖትፓድን (ዊንዶውስ ላይ ያለውን ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም) ክፈቺና ፋይሉን ጎትተሽ እላዩ ላይ ጣይው። (በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠረውን ተይው፣ ኖትፓድ ይንቀረፈፋል።) አብዛኛው የማይነበብ ምልክት ነው፣ አትደንግጪ። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ እዪ። የፐርሰንት ምልክት ተከትሎ ፒዲኤፍ ከተባለ፣ ፒዲኤፍ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ጄኤፍአይኤፍ ወይም ኤግዚፍ ካለ የጄፔግ ፎቶ ነው። ኤም እና ዜድ ብሎ ከጀመረ ፕሮግራም ነውና ወደኋላ በዪ። ስትዘጊው «ሴቭ ላድርገው?» ካለሽ በፍጹም እሺ እንዳትዪው፤ ኖትፓድ ሴቭ ያደረገው ፎቶ ፎቶነቱ ያበቃል።

ፒ እና ኬ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይል ተጨምቆ የታሸገበት ጥቅል ነው። ፊደሎቹ ዚፕን በ1989 እ.ኤ.አ. የሠራው የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው። ግን ዚፕ ነው ብለሽ አትቁሚ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው አዲሱ ዓይነት የወርድ፣ የኤክሴልና የፓወርፖይንት ፋይልም ውስጡ ዚፕ ነው። ራይት ክሊክ አድርገሽ ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነፃ የዚፕ መክፈቻ ክፈቺው። ውስጡ «ወርድ» የሚባል ፎልደር ካለ ዶክኤክስ፣ «ኤክስኤል» ካለ ኤክስኤልኤስኤክስ፣ «ፒፒቲ» ካለ ፒፒቲኤክስ ነው። «አንድሮይድ ማኒፌስት» የሚል ፋይል ካየሽ የስልክ አፕ ነው። ኤክስቴንሽን የሌለው ሪፖርትሽ ከነዚህ አንዱ ይመስለኛል። ሲታወቅ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ አድርገሽ ትጨምሪለታለሽ፣ አለቀ።

ዳት የሚለውን በመጠኑ ትለይዋለሽ። በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ከሆነ ከድሮ ቪሲዲ የተገለበጠ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል፤ የሠርግና የጥምቀት ቪሲዲ ስንቱ ቤት አለ መሰለሽ። ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ጣይው፣ ይጫወታል። ትንሽ ከሆነና ስሙ «ዊንሜይል» ከሆነ ደግሞ ከአውትሉክ በተላከ ኢሜይል የታሸገ አባሪ ነው። ላኪውን ካገኘሽው እንደገና በቴሌግራም ይላክልሽ፣ ይሻላል።

ኤስኤችፒው የካርታ ፋይል ነው። ምናልባት የእምቦጭ ወይም የሐይቁ ዳርቻ ልኬት ይሆናል። ብቻውን አይሠራም፤ ስማቸው አንድ የሆነ ኤስኤችኤክስ እና ዲቢኤፍ የሚሉ ጓደኞች አሉት፣ አንድ ፎልደር ውስጥ መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ ሰው ትልቁን ብቻ ኮፒ ያደርግና ሌሎቹን «ቆሻሻ» ብሎ ይተዋቸዋል። ፍላሹ ላይ ፈልጊያቸው። ከተገኙ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም በነፃ ይከፍተዋል። ሰንጠረዡን ብቻ ከፈለግሽ ዲቢኤፉን በኤክሴል ማየት ትችያለሽ። ካርታው በምን ልኬት እንደተሠራ የሚናገረው አራተኛው፣ ፒአርጄ የሚለው፣ ከጠፋ ግን ጣና ቦታው ላይ ላይቀመጥልሽ ይችላል። ያኔ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ልኬት፣ በ37ኛው ሰሜን ዞን ሞክሪው፣ ባሕር ዳር እዚያ ውስጥ ናት። ትንሽ ሸርተት ካለ «አዲንዳን» የሚለውን የልኬት መነሻ ምረጪ፤ የድሮ ካርታዎቻችን በሱ ነው የተሠሩት።

አሁን አማርኛው። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው ብዙው ጤነኛ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የኛን ፊደል ቅርጽ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ አማርኛ ታያለሽ። ከሌለ እንግሊዝኛና ምልክት የተደባለቀበት ነገር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዝብርቅርቁ ጽሑፍ ላይ አንዴ ክሊክ አድርጊና ላይ፣ የፎንት ስም የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ እዪ። ፎንቱ ባይኖርም ወርድ ስሙን ይዞ ይቆያል። የግዕዝ ስም ያለበት ፎንት ካየሽ ገመናው ተገለጠ። ያንን ፎንት ፈልገሽ ጫኚና ፋይሉን እንደገና ክፈቺው። ሁሉንም መርጠሽ ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት መቀየር ግን ምንም አይፈይድም። ጭራሽ ሴቭ ካደረግሽው የፎንቱን ስም ታጠፊዋለሽ፣ ያኔ ማን ይነግርሻል? ከተከፈተልሽ በኋላ ለማንበብ ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ሊታረም የሚገባው ከሆነ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፊውና በዓይንሽ አመሳክሪ፤ ድቅል ፊደላት ላይ ይስታሉ።

ተቃራኒውም አለ። ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ የሰንጠረዥ ጽሑፍ) በኤክሴል ስትከፍቺ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ ኤ በየመሀሉ ከተደጋገመች፣ ጽሑፉ ትክክለኛ ዩኒኮድ ነው። አንዷ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚጻፍበት መንገድ) ሦስት ባይት ትይዛለች፣ ኤክሴል ደግሞ ሦስቱን ለየብቻ ያነባቸዋል። ደብል ክሊኩን ተዪና ባዶ ኤክሴል ከፍተሽ «ዳታ» ውስጥ «ፍሮም ቴክስት» በሚለው አስገቢው። «ፋይል ኦሪጅን» ላይ 65001 ምረጪ፣ የዩቲኤፍ 8 ቁጥር ነው። ወዲያው አማርኛ ይሆናል።

ከፍላሹ ውስጥ የፐብሊሸር ወይም የፔጅሜከር (የመጽሔትና የበራሪ ወረቀት ማዘጋጃ) ፋይል ከተገኘም ነፃ በሆነው ሊብሬኦፊስ ውስጥ «ድሮው» የሚለው ላይ ሞክሪ። መደዳው ትንሽ ይዛነፋል እንጂ ጽሑፉ ይወጣል።

መጠኑ 0 ኪሎባይት የሆነውን ግን አትድከሚበት፣ ውስጡ ባዶ ነው። ኮፒ እየተደረገ መብራት ሲሄድ ወይም ፍላሹ ቸኩሎ ሲነቀል እንዲህ ይሆናል። የቀድሞው ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ዋናው ካለ ብቻ ነው ተስፋው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የፋይል መቀየሪያዎች ላይም የሰው ስምና ስልክ ያለበት የቢሮ ሰነድ አትጫኚ፤ የት እንደሚቀር አይታወቅም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ የቀረ ካለ፣ የፋይሉን መጠንና ኖትፓድ ላይ የታየችውን የመጀመሪያ መስመር ስክሪንሾት አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን። የሰው ስም ካለበት ሸፍኚው።