40 በመቶ ላይ የሚቆረጥ አፕዴት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መቂ አካባቢ ለአትክልት አምራቾች የውሃ ፓምፕ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ሠርቼ 14 ቦታ ተክያለሁ። ውስጡ 4 ሜጋባይት ፍላሽ (ኃይል ቢጠፋም የማይጠፋ ማከማቻ) ያለው ኢኤስፒ32 የሚባል መቆጣጠሪያ ቺፕ እና በሲም ካርድ ከኔትወርክ የሚያገናኘው ሲም800ኤል ሞደም ነው፤ ፕሮግራሙን አርዱይኖ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ነው የጻፍኩት። ገበሬው የማጠጫ ሰዓት ቀይርልኝ ሲለኝ አዲስ ፈርምዌር (የመሣሪያውን ሙሉ ፕሮግራም) በሲም ካርዱ እልካለሁ። ፋይሉ 920 ኪሎባይት ነው። ብዙ ጊዜ 40 በመቶ አካባቢ ይቆረጥና ከዜሮ ይጀምራል፤ አንዳንዱ መሣሪያ ጭራሽ ሪስታርት ያደርጋል። ዳታው ያልቃል፣ እኔም በሞተር ሳይክል መመላለስ ደከመኝ። ፋይሉን በምን ላሳንሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሳነሱን ወደ ኋላ እናቆየው። መጀመሪያ ከጥያቄህ ያሳሰበኝን ልንገርህ፦ ሰዓት ለመቀየር ብለህ ፈርምዌር አትላክ። የማጠጫ ሰዓቱን ከኮዱ አውጣና ኤንቪኤስ (ፍላሹ ላይ ያለ ትንሽ የቅንብር ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጠው። መሣሪያው በቀን አንዴ ሰርቨሩን ይጠይቅ፣ መልሱም «ጠዋት 12 ሰዓት፣ 40 ደቂቃ» የሚል አጭር መልእክት ይሁን። መቶ ባይት እንኳ አይሞላም። ይህን ብቻ ብታደርግ አብዛኛው አፕዴትህ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ወደ ሪስታርቱ ልምጣ። ይሄ የኔትወርክ ችግር አይመስለኝም። ሲም800ኤል ሲያስተላልፍ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል፤ ቮልቴጁ ደግሞ ከ3.4 በታች መውረድ የለበትም። አጭር መልእክት ሲልክ ችግሩ አይታይህም፤ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ ሲሠራ ግን ይታያል። መሣሪያውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተህ ሲሪያሉን (መሣሪያው መልእክት የሚጽፍበትን መስኮት) ክፈት። ሪስታርት ከማድረጉ በፊት «ብራውንአውት» የሚል መስመር ካየህ ጥፋቱ የኃይል ነው። ቀጫጭኑን የጃምፐር ሽቦ በወፍራም ቀይረህ፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሞደሙ የኃይል እግሮች አጠገብ በይድለት። ከዚህ በፊት ኮዱን አትንካ።

ኃይሉ ከተስተካከለ በኋላም መስመሩ መቆረጡ አይቀርም። ጂፒአርኤስ፣ ቀርፋፋው የ2ጂ ዳታ፣ ነው። በሰከንድ 30 ኪሎቢት ብታገኝ 920 ኪሎባይቱ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። ስለዚህ አፕዴቱ የትም ቢቆረጥ ካቆመበት የሚቀጥል መሆን አለበት። የአርዱይኖው የተለመደ የአፕዴት ላይብረሪ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የሚነሣው፤ እሱን ተወውና በፓርቲሽን (የፍላሽ ክፍል) መጻፊያ ፈንክሽኖቹ በቀጥታ ጻፍ። ፍላሹ የሚጠፋው በ4096 ባይት ሴክተር ነው፤ አንዱን ሴክተር አጥፋ፣ ጻፍ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። በየ16 ሴክተሩ፣ ማለት በየ64 ኪሎባይቱ፣ የደረስክበትን ቁጥር ከፋይሉ ቨርዥን ጋር ኤንቪኤስ ላይ መዝግብ። መስመሩ ቢቆረጥ የምትከስረው ቢበዛ 64 ኪሎባይት ነው። ስትቀጥል ሰርቨሩን በኤችቲቲፒ «ሬንጅ» ከዚያ ባይት ጀምሮ ጠይቀው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ መልሱ 206 ከሆነ ቀጥል፤ 200 ከሆነ ግን ሰርቨሩ ጥያቄህን አልሰማም፣ ፋይሉን ከአናቱ እየላከልህ ነው። እሱን መሃል ላይ ከጻፍከው ፋይሉ ተበላሸ።

ፋይሉ ሲሞላ ሻ256ቱን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አስላ፣ ፊርማውንም አረጋግጥ። ሻው ብቻውን መበላሸትን እንጂ ተንኮልን አይከለክልም፤ መሃል ገብቶ ፋይሉን የቀየረ ሰው ሻውንም ይቀይረዋል። የምትፈርምበትን የምስጢር ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ አታስቀምጥ።

አሁን ዋናው ነገር፣ መመለሻው። በተለመደው የአርዱይኖ አከፋፈል 4 ሜጋባይቱ ላይ እያንዳንዳቸው 1.25 ሜጋባይት የሆኑ ሁለት የፕሮግራም ቦታዎች አሉ። አዲሱ በአንዱ ሲጻፍ አሮጌው በሌላው ይቀመጣል፤ አዲሱ ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ሳይል ሪስታርት ካደረገ ቡትሎደሩ (መሣሪያው ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ወደ አሮጌው ይመልሰዋል። ችግሩ አርዱይኖ ገና ሲነሣ ራሱ «ደህና ነኝ» ብሎ ያጸድቅልሃል። እኔ ይህን ሳላውቅ የሞደሙን ማስጀመሪያ ኮድ በአንዲት መስመር አበላሽቼ ልኬ ነበር። መሣሪያው ተነሣ፣ ራሱን አጸደቀ፣ መብራቱም ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ኔትወርክ ግን አያገኝም። ደህና የሆነው አሮጌው ፈርምዌር እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ የሚመልሰው ጠፍቶ፣ ላፕቶፕ ተሸክሜ ሙሉ ቀን ተጓዝኩ። ስለዚህ «ቬሪፋይ ሮልባክ ሌተር» የሚባለውን ፈንክሽን እውነት እንዲመልስ አድርገህ ጻፈው፤ ማጽደቁን ደግሞ አዲሱ ፈርምዌር ሰርቨሩን አግኝቶ መልስ ከተቀበለ በኋላ ብቻ አድርገው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካላገኘ ሪስታርት ያድርግና ይመለስ። ቀጣዩን አፕዴት መቀበል የማይችል ፈርምዌር ሌላው ሁሉ ቢሠራለትም መጽደቅ የለበትም።

ማሳነሱ አሁን ይምጣ። ብሉቱዝና የማትፈልገውን ላይብረሪ አውጣ፣ የሎግ ጽሑፉን ቀንስ። የአሮጌውንና የአዲሱን ፋይል ልዩነት ብቻ መላክም ይቻላል። ለዚህ ቢኤስዲፍ የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ግን መደበኛው መፍቻው አሮጌውንም አዲሱንም ሚሞሪ ላይ ይዞ ነው የሚሠራ፤ የኢኤስፒ32 ራም 520 ኪሎባይት ነው፣ አይችለውም። ዲቱልስ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ትንሽ መሣሪያ የተሠራ ነው፤ እየተቀበለ ይፈታል። ነገር ግን ልዩነቱ የሚሠራው ከተሠራበት ቨርዥን ጋር ብቻ ነው፤ ከ14ቱ ሦስቱ ወደ ኋላ ከቀሩ ለእነሱ ሌላ ፋይል ማዘጋጀት አለብህ፣ የላክኸውን እያንዳንዱን ፋይልም ማስቀመጥ ግድ ነው። በ14 መሣሪያ እኔ ብሆን አሁን አልገባበትም።

ከመላክህ በፊት አንዱን መሣሪያ ጠረጴዛህ ላይ አድርገህ 10 በመቶ ላይ፣ 55 ላይ፣ 99 ላይ ኃይሉን ንቀለው። ሦስቱንም ጊዜ ከተነሣና ከቀጠለ ለቤትህ ቅርብ ወደሆነው አንድ ፓምፕ ላክ፣ ሁለት ቀን ጠብቅ፣ ከዚያ ለሌሎቹ። አፕዴቱ ፓምፑ በቆመበት ሰዓት ይሁን። ኢኤስፒ32 ሲነሣ አንዳንድ እግሮቹ ለቅጽበት ከፍ ስለሚሉ ሪሌዩን (የፓምፑን ማብሪያ) የሚያዘው እግር ላይ ወደ ግራውንድ የሚስብ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርግ፤ እሱ ከሌለ በእያንዳንዱ ሪስታርት ፓምፑ ሊነሣብህ ይችላል።