የተቀደደ ሜኒስከስ፦ ይሰፋ ወይስ ይቆረጥ?

ስለ ጉልበት ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልሱ እነሆ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሜኒስከሱ ተቆርጦለት በሳምንቱ ይራመድ ነበር። እኔ ግን ይሰፋልሃል፣ ስድስት ሳምንት በክራንች ተባልኩ። ለምን?

መልስ፦ ነገሩ የደም ጉዳይ ነው። ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መሃል ያለ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ልም አጥንት ነው። በእያንዳንዱ ጉልበት ሁለት አለ። የውጭ ጠርዙ ደም ያገኛል፤ ውስጠኛው ክፍል ግን ደም አይደርሰውም። ጠርዙ ላይ የተቀደደው ቢሰፋ የመግጠም ዕድል አለው። ውስጥ የተቀደደው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ የተቦጨቀው ብቻ ተቆርጦ ይወጣል። ጓደኛህ ቶሎ የተራመደው የሚጠበቅ ስፌት ስለሌለው ነው። ዕዳው ኋላ ይመጣል። ሜኒስከስ ክብደት ያከፋፍላል፤ ሲቀነስ ጫናው አጥንቱን በሸፈነው ልም አጥንት ላይ ይወድቃል። ፌርባንክ የተባለ ሐኪም ሜኒስከሳቸው የወጣ ሰዎች ጉልበት በራጅ ላይ ሲለወጥ ማየቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ይሰፋልሃል ከተባልክ እኔ ብሆን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሜኒስከሴ ከተሰፋ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ህመሙ ጠፍቷል። ቁጢጥ ብልስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ህመም መጥፋትና መግጠም ለየቅል ናቸው። ጉልበት ክብደት ተሸክሞ በጣም ሲታጠፍ ስፌቱ ይጨነቃል። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ይከለክላሉ፤ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ወራት ይጠብቃል። እስከዚያ እግርህን ዘርግተህ የጭንህን ጡንቻ አጥብቀህ ልቀቅ፣ ደጋግመህ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ኳስስ መቼ?

መልስ፦ ከተሰፋ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር። የመስቀል ጅማትም (ጉልበት ውስጥ የጭንንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዘው) አብሮ ከተሠራ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ኤምአርአይ ቅዳድ አሳየ። ቀዶ ጥገና ትግባ?

መልስ፦ አትቸኩሉ። በዚያ ዕድሜ ምንም በማያመው ጉልበትም ቅዳድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ በጊዜ ብዛት ሜኒስከሳቸው ከተቀደደ ሰዎች ገሚሱ ተቆረጠላቸው፤ ለሌሎቹ ጉልበታቸው ውስጥ ካሜራ ገብቶ ከታየ በኋላ የተቆረጠ እንዲመስላቸው ብቻ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መጀመሪያ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ትሞክር። ጉልበቷ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ግን ሐኪም ቶሎ ይያት።

ጥያቄ፦ ከተሰፋሁ ሳምንቴ ነው። ባቴ አብጦ ያመኛል፤ በረዶ ላድርግበት?

መልስ፦ በረዶውን ተወውና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረህ ወይ ደረትህን ካመመህ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።