ስክሪፕቱ ራሱን ይሰርዝ፤ ግን ሥራውን ጨርሶ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ላብ ዩዘር የሚፈጥር፣ ፕሪንተር የሚያስገባና ፕሮግራም የሚጭን ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) አለህ። አንዴ ሠርቶ ራሱን እንዲሰርዝ ትፈልጋለህ። ውስጡ ያለውን የአድሚን ፓስወርድ ተማሪ ከፍቶ እንዳያየውም ሰግተሃል። እኔ የምሠራበት ኮሌጅ ውስጥ ልክ ይሄው ጉዳይ ገጥሞኝ ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መሠረታዊውን ታውቀዋለህ ብዬ ቀጥታ ወደሚያቃጥለው ልግባ።

1. ስክሪፕትህ ባች ፋይል (የቆየው የዊንዶውስ ስክሪፕት ዓይነት) ከሆነ መሰረዣው የመጨረሻው መስመር ላይ ይሁን። ዊንዶውስ ባች ፋይልን መስመር በመስመር እያነበበ ነው የሚሠራው፤ ለሚቀጥለው መስመር ተመልሶ ፋይሉን ያያል። መሃል ላይ ከሰረዝከው ቀሪውን ከየት ያመጣዋል? "ባች ፋይሉ አልተገኘም" ብሎ ይቆማል። የፋይሉን ስም ደግሞ በእጅህ አትጻፍ። ዴል (የመሰረዣው ትእዛዝ) ብለህ ፐርሰንት፣ ቲልዴ፣ ኤፍ፣ ዜሮ አስከትል፤ አራቱን ምልክቶች በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጋቸው። የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ራሱ ይተካልሃል። በአድሚኒስትሬተር ስታስነሳው መነሻ ፎልደሩ ሲስተም 32 ስለሚሆን፣ ስሙን ብቻ ከጻፍክ እዚያ ሄዶ ይፈልገዋል። ያንተ ፋይል ከነፓስወርዱ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

2. ፓወርሼል (አዲሱ የዊንዶውስ የትእዛዝ ቋንቋ) ግን ሌላ ነው። ከመጀመሩ በፊት ስክሪፕቱን ሙሉውን አንብቦ ሚሞሪ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ሪሙቭ አይተም (የሱ የመሰረዣ ትእዛዝ) ብለህ ፒኤስ ኮማንድ ፓዝን (የስክሪፕቱን ሙሉ አድራሻ የያዘውን ቫሪያብል) ብትሰጠው የትኛውም መስመር ላይ ይሠራል። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንኳ። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት ኮሌጁ የላቡን ሥራ ለአንድ ድርጅት በኮንትራት ሰጥቶ ነበር። ቴክኒሻኖቹ ስክሪፕታቸውን ማንም እንዳያይባቸው ፈልገው መሰረዣውን አናቱ ላይ አደረጉት። በየኮምፒውተሩ ገልብጠው ሁሉንም በአንዴ አስነሱት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ዴስክቶፖቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) የላቸውም። ሚሞሪ ውስጥ የነበረው ጠፋ፣ ዲስክ ላይ የነበረው ደግሞ አስቀድሞ ተሰርዟል። መብራት ሲመጣ አንዱ ኮምፒውተር ዩዘር አለው፣ ፕሪንተር የለውም። ሌላው ፕሮግራሙ ግማሽ ላይ ቀርቷል። የትኛው እንዳለቀ የሚናገር አንዲት የሎግ (የሥራ መዝገብ) መስመር የለም። ቴክኒሻኖቹ ግን የበሩትን ጥቂቶቹን አሳይተው ርክክቡን አስፈረሙና ሄዱ።

እኔ ስገባ የጠበቀኝ ይሄ ነው። ድርጅቱ ጋ ደውዬ "ስክሪፕቱን ብቻ ስጡኝ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ" አልኩ። ሰውየው "ስክሪፕቱ የድርጅቱ ንብረት ነው" አለኝ። እሺ ራሳችሁ መጥታችሁ ጨርሱት ስለው አዲስ ክፍያ ጠየቀ። በአካል ስሄድ ወንበር እንኳ አልጋበዘኝም። "ርክክብ ተፈርሟል፣ ከዚህ በኋላ እኛን አይመለከትም" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። የኛ ፋይናንስም ወረቀቱን አውጥቶ ያንኑ ደገመልኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ተማሪዎች ለሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር እየተማሩ፣ የጎደለው አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነበር።

ከዜሮ ጻፍኩት። አሁን የምነግርህ የዚያን ቅደም ተከተል ነው፤ ላንተም ይሠራል። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመሩ በፊት "ይሄ ተሠርቷል ወይ?" ብሎ ያያል። ዩዘሩ ካለ ያልፈዋል፣ ፕሪንተሩ ከሌለ ያስገባዋል። ስለዚህ መብራት አሥር ጊዜ ቢሄድ አሥር ጊዜ ብታስነሳው ምንም አይበላሽም። የኮምፒውተሩን ስም፣ ሰዓቱንና ያለቀውን ሥራ ፕሮግራም ዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ሎግ ላይ ይጽፋል። ሎጉ አይሰረዝም። ሁሉም መኖሩን መጨረሻ ላይ ደግሞ ያረጋግጣል። አንዱ ከጎደለ ራሱን ሳይሰርዝ ይወጣል። መሰረዣው ከዚህ ሁሉ በታች ያለው የመጨረሻው መስመር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ላብ ሲከፈት በዚሁ ስክሪፕት ብቻዬን ጨርሼዋለሁ፤ መሃል ላይ መብራት ሄዶ እያለ።

ዩዘር ሎግኢን ሲያደርግ ራሱ እንዲጀምር ከፈለግክ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ራን ዋንስ አለልህ። ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለው። ዊንዶውስ እዚያ ያስገባኸውን መስመር የሚሰርዘው ትእዛዙን ከማስነሳቱ በፊት ነው። መሃል ላይ ቢቋረጥ በሚቀጥለው ጊዜ አይሞክርም። ያ ድርጅት የሠራውን ነው የሚሠራብህ። የዚያ መስመር (የቫልዩው) ስም ፊት ላይ ቃለ አጋኖ ብታደርግ ግን መሰረዙን ትእዛዙ እስኪያልቅ ያቆየዋል። አንዲት ምልክት ናት፤ አትርሳት።

3. ፍላሽ ላይ እንዳለ አታስነሳው። ራሱን ሲሰርዝ የሚሰርዘው ፍላሽ ላይ ያለውን ዋናውን ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ጋ ስትደርስ ፍላሹ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ሲ ድራይቭ ገልብጥና ከዚያ አስነሳ። ሰርቨር ላይ ካለ የጋራ ፎልደር (ሼር) የምታስነሳ ከሆነም ፎልደሩን ማንበብ ብቻ እንዲቻል አድርገው።

ፓስወርዱን በተመለከተ ግን አጥብቄ ልንገርህ። መሰረዝ መደበቅ አይደለም። የተሰረዘ ፋይልን በሪከቨሪ ፕሮግራም መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስክሪፕት ብሎክ ሎጊንግ (ፓወርሼል የሚያስኬደውን ጽሑፍ የሚመዘግብ ሴቲንግ) የበራ ከሆነ ደግሞ የስክሪፕቱ ጽሑፍ እንዳለ ኢቨንት ሎግ ውስጥ በቁጥር 4104 ይቀመጣል፤ ፓስወርዱም አብሮ። ማይክሮሶፍት ራሱ በግሩፕ ፖሊሲ ፕረፈረንስ (የብዙ ኮምፒውተሮችን ሴቲንግ ከሰርቨር ማስተካከያ) ፓስወርድ ማስቀመጥን እ.ኤ.አ. በ2014 የዘጋው ፋይሉን ያገኘ ሰው ሊፈታው ስለሚችል ነው። ዶሜን (ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር የምታስተዳድርበት ኔትወርክ) ካላችሁ ዊንዶውስ ላፕስ የሚባለውን የፓስወርድ መቆጣጠሪያ ተጠቀም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ከዊንዶውስ አፕዴት ጋር አብሮ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ የአድሚን ፓስወርድ እየቀያየረ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜኑ መዝገብ) ውስጥ ያስቀምጥልሃል። ዶሜን ከሌላችሁ ፓስወርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፈው፤ ሲጀምር ከኪቦርድ እንዲጠይቅህ አድርግ። ትንሽ ያደክማል፤ ይድከምህ።

አንቲቫይረሱንም አስብበት። ሠርቶ ራሱን የሚያጠፋ ፋይል የቫይረስ ጸባይ ስለሆነ ሊያግድብህ ይችላል። ከላቡ በፊት አንቲቫይረሱ በበራበት ኮምፒውተር ላይ ሞክረው።

ሊኑክስ ሰርቨርም ካለህ ነገሩ ቀላል ነው። አርኤም (የመሰረዣው ትእዛዝ) ብለህ ዶላር ዜሮን (የስክሪፕቱን የራሱን ስም) በጥቅስ ትሰጠዋለህ። ሊኑክስ የሚሰርዘው የፋይሉን ስም ብቻ ነው፤ የተከፈተው ፋይል ሥራው እስኪያልቅ ይቆያል። መሃል ላይ በሲዲ ትእዛዝ ፎልደር የምትቀይር ከሆነ ግን ሙሉ አድራሻውን ገና ሲጀምር ያዝ።

አንድ ትርፍ ኮምፒውተር ፈልግ፣ ውስጡ ምንም ፋይል የሌለበት። ስክሪፕቱን አስነሳና ግማሽ ላይ ሲደርስ ገመዱን ንቀለው። መልሰህ አብራና ስክሪፕቱ ቦታው ላይ መኖሩን፣ ሎጉም የት ጋ እንደቆመ እይ። ደግመህ ስታስነሳው ከዚያው ቀጥሎ ከጨረሰ ላቡ ውስጥ ግባ። ካልጨረሰ ሎጉ ውስጥ ፓስወርድ ካለ አጥፍተህ ሎጉን እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አየዋለሁ።