ትናንት የተስማማኝ ምግብ ዛሬ ለምን ከዳኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከበላሁ በኋላ ፊቴና አንገቴ ይቀላል፣ ያሳክከኛል፣ ልቤ በኃይል ይመታል፣ ሆዴ ይነፋል። ይኸው 2 ዓመት ሆነኝ። የሚገርመው ሰኞ በልቼው ምንም ያላለኝ ምግብ ማክሰኞ መቀመጫ ያሳጣኛል። የምግብ አለርጂ ምርመራ ተደርጎልኝ ምንም አልተገኘም። አንዱ ሐኪም «ጭንቀት ነው» አለኝ። ሌላዋ «ሂስታሚን አልስማማ ብሎሽ ወይም የማስት ሴል ችግር ኖሮብሽ ይሆናል» አለችኝ። የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር ስፈልግ አንዱ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። ግራ ሲገባኝ ሁሉንም እየተውኩ መጣሁ፤ አሁን የቀሩኝ አምስት ምግቦች ናቸው። 9 ኪሎ ቀንሻለሁ። ባለቤቴ «የሐሳብሽ ነገር ነው» ማለት ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?
አምስት ምግብ የቀረኝ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ሦስት ላይ ደርሼ ነበር። ሩዝ፣ ዱባ፣ ዶሮ። ነርስ ነኝ፤ ግን ለሰው የምመክረውን ለራሴ ማድረግ አቅቶኝ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ስዘል ከረምኩ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማክሰኞ የበላሽው አዲስ የተሠራ ነበር ወይስ የሰኞው ትራፊ?

የእኔ ጉድ እዚያ ላይ ነበር። ሥራ ስለሚበዛብኝ እሑድ ዶሮ ቀቅዬ ለአራት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እሑድ ሰላም ነኝ። ሰኞም ደህና። ረቡዕ ላይ ፊቴ ፍም ይመስላል፤ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ የልቤን ምት እቆጥራለሁ። በቃ ዶሮም አልተስማማኝም ብዬ ልተወው ስል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ረቡዕ የሚያምሽ?» አለችኝ። ዶሮው ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ማደሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋና ዓሣ ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል ነገር አለ። ባክቴሪያዎች ይህንን ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል፤ ፊት የሚያቀላውና የሚያሳክከው ኬሚካል እሱ ነው። ምግቡ በቆየ ቁጥር ሂስታሚኑ ይጨምራል። ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ክፋቱ ደግሞ፣ አንዴ ከተፈጠረ ብታፈዪውም ብትጠብሺውም ንቅንቅ አይልም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ቱና ወይም ማከሬል ጤነኛውን ሰው እንኳ ፊቱን አቅልቶ የሚያስታውከው በዚሁ ምክንያት ነው። የአለርጂ ምርመራሽ ምንም አለማሳየቱም አይግረምሽ። ያ ምርመራ ምግቡ ውስጥ ያለውን ሂስታሚን አይቆጥርም።

ዝርዝሮቹ የማይስማሙበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። የምግቡን ስም ይጽፋሉ እንጂ ዕድሜውን አያውቁም።

ስለዚህ ሰዓት ያዢ። እንደተሠራ ብዪ። የተረፈውን ማታ ድረስ ምድጃ ላይ አትተዪው። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ቶሎ ፍሪዘር አስገቢው፤ ስትፈልጊ ከፍሪዘር አውጥተሽ ወዲያው አሙቂው። የተፈጨ ሥጋ ከሙሉው ሥጋ ቶሎ ይበላሻል፣ ተጠንቀቂው። ለወራት የቆየ ቺዝ፣ የቦካ ነገር፣ ወይን ጠጅ ለጊዜው ይቅሩ። አልኮል በተለይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ራሱ ሂስታሚን ሊይዝ ይችላል፣ በዚያ ላይ አንጀት ውስጥ ሂስታሚንን የሚሰባብረውን ዳኦ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማል።

ይህን እያደረግሽም ካልተሻለሽ ወይም ሳትበዪም የሚነሳብሽ ከሆነ፣ ወደ ማስት ሴል እንሄዳለን። ሁለቱን ሰው ያምታታቸዋል። ሂስታሚን አለመስማማት ከውጭ የገባውን ማስወገድ አለመቻል ነው። የማስት ሴል ችግር ግን ከውስጥ የሚለቀቅ ነው። እነዚህ የሰውነት መከላከያ ሴሎች በቆዳ፣ በአንጀትና በመተንፈሻ አካል ውስጥ ተቀምጠው ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን በጥቃቅን ከረጢት ይዘው ይጠብቃሉ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖል ኤርሊክ በ1878 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣላቸው ጠግበው የሰቡ ስለመሰሉት በጀርመንኛ ከማድለብ ጋር የሚዛመድ ስም ሰጣቸው። ቢያምሽም ፈገግ ልትዪ ይገባል፤ እኛን ከምግብ ያራቆተን ሴል ስሙ «የደለበ» ነው!

ከረጢቱን የሚያስፈታው ምግብ ብቻ አይደለም። ሙቀት፣ ብርድ፣ የቆዳ መፋተግ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ እንደ አይቡፕሮፌንና ኮዴይን ያሉ መድኃኒቶች፣ ንዴትም ጭምር። «ጭንቀት ነው» ያለሽ ሐኪም ግማሹን አግኝቶታል። ጭንቀት ማስት ሴልን ይቀሰቅሳል። ግን የተቀሰቀሰው ሴል ሐሳብ አይደለም፣ ሥጋ ነው። ለባለቤትሽ እንዲህ በይው።

እኔን ያዳነኝ ደብተር ነው። የበላሁትን፣ ምግቡ ከተሠራ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ የተኛሁትን ሰዓት፣ የወር አበባዬን ቀን፣ የታጠብኩበትን ሰዓት ሁሉ ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ወጣ። ጠዋት በልቼ ወዲያው ሙቅ ሻወር በገባሁ ቀን ሁሉ ተይዣለሁ። ለዓመት ያህል ሳማው የኖርኩት ቁርሴን ነበር።

ወደ ሐኪም ስትሄጂ 9 ኪሎ መቀነስሽን መጀመሪያ ተናገሪ። ይህ ብቻውን ሌላ በሽታ እንዲፈለግ ያስገድዳል። ቀጥሎ ስለ ትሪፕቴዝ ጠይቂ። ማስት ሴሎች የሚለቁት ነገር ነው፤ ግን ቶሎ ስለሚጠፋ ደሙ ሕመሙ በተነሳ በ4 ሰዓት ውስጥ መቀዳት አለበት። ከዚያ ደህና በሆንሽበት ቀን ይደገማል። የሚታየው ልዩነቱ ነው፤ የደህናው ቀን 5 ከሆነ የሕመሙ ቀን 8 መድረስ ይጠበቅበታል። አለመጨመሩ ብቻውን ችግሩ የለም አያሰኝም። የዳኦ የደም ምርመራ አድርጊ የሚልሽ ካለ ግን አትቸኩዪ፤ ውጤቱ የሚያስተማምን አይደለም።

ምግብ መቀነሱም መጨረሻ ያለው ሙከራ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ቢቻል ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር፣ ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ። አንቺ ለመቀነስ ምንም አልቀረሽም፤ ካሁኑ መመለሱን ተነጋገሩበት። እንደ ሴቲሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን፣ አንዳንዴም ከጨጓራ አሲድ ቀናሹ ፋሞቲዲን ጋር፣ ሐኪምሽ ሊያዝልሽ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ስሙን ንገሪ፤ አንዳንዱ ለከባድ አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ጉሮሮሽ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከሆነ ክኒን ፍለጋ አትሂጂ። የታዘዘልሽ አድሬናሊን ካለ ውጊው፣ አምቡላንስ ይጠራ። ትንፋሽሽ ከፈቀደ ተጋደሚና እግርሽን ከፍ አድርጊ። ተሻለኝ ብለሽ ድንገት አትቁሚ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የሂስታሚን ችግር አለብኝ ተብያለሁ። እርጉዝ ሳለሁ ጭራሽ ጠፍቶልኝ ነበር። ያማረኝን ሁሉ በላሁ። ልጄ ከተወለደ በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ምን አበላሽቼ ይሆን?

መልስ፦ ምንም አላበላሸሽም። የእንግዴ ልጅ ያንኑ ዳኦ የተባለ ኢንዛይም በብዛት ያመርታል። በእርግዝና ወቅት የሚሻላቸው ሴቶች የሚኖሩት በዚህ ይመስላል። ስትወልጂ እሱም አብሮ ወጣ። አሁን የምታጠቢ ከሆነ የትኛውን ክኒን መውሰድ እንደምትችዪ ሐኪምሽን ጠይቂ። የእንቅልፍ እጦቱም አንዱ ቀስቃሽ ነው፤ ያንን ከሕፃን ጋር መፍታት አይቻልም። «ምን ላምጣልሽ?» የሚል ጠያቂ ሲመጣ ግን ትኩስ ምግብ ሠርቶ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘርሽ ውስጥ እንዲያስቀምጥልሽ ንገሪው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያደረ ከመብላት ያድንሻል።