እናቴ በዕድሜዋ ምክንያት ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ትከለከል ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ሚላኖ ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም አለባት። በኮሮና ጊዜ እዚህ አይሲዩ (የፅኑ ሕክምና ክፍል) ሞልቶ አረጋውያን ተከለከሉ ሲባል ሰምተን ነበር። ያ ጊዜ ቢመለስ በዕድሜዋ ብቻ ይተዉብኛል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በማርች 2020 የጣሊያን የሰመመንና የፅኑ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር፣ አልጋ ጨርሶ ከጠፋ ለአይሲዩ የዕድሜ ገደብ ማስቀመጥ ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ በግልጽ ጽፏል። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም አልስማማበትም፤ 76 ዓመት ሆኖ ደረጃ የሚወጣ አለ፣ በ50 ዓመቱ ልቡ የደከመ አለ። በጃንዋሪ 2021 የወጣው የማኅበሩ ሰነድ ግን ዕድሜ ከጠቅላላ ጤንነት ጋር ተዳምሮ ይታያል እንጂ ብቻውን አይቆርጥም ይላል። ስኳርም ብቻውን አያስከለክልም።

ታዲያ በምን ይመረጣል? ዋናው ጥያቄ መሣሪያው ቢገባለት ይተርፋል ወይ ነው። ሐኪሞች ሶፋ (SOFA) የሚባል የሕመም ክብደት ነጥብ አላቸው፤ ሳንባ፣ ደም ዝውውር፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎልና የደም መርጋት ይታዩና ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፣ ድምሩ በጨመረ ቁጥር ሁኔታው ከብዷል ማለት ነው። እንከን የለበትም አልልዎትም። ኩላሊቱ ከድሮ የተጎዳ ሰው በአሮጌ ሕመሙ ነጥቡ ይከፋበታል፣ እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞም በቂ ሕክምና ያላገኘ ድሃ ነው። "ቀድሞ የመጣ ይግባ" ቢባልስ? ሆስፒታል አጠገብ የሚኖርና መኪና ያለው ሁሌ ይቀድማል።

ከሁሉም በላይ መሣሪያው ለማን ይሰጥ ብሎ የሚወስነው፣ የሚያክመው ሐኪም መሆን የለበትም። የኒውዮርክ የ2015 የቬንቲሌተር ድልድል መመሪያ ይህን ሥራ ለሌላ ኃላፊ ወይም ኮሚቴ ይሰጣል፣ ሕመምተኛውም ከ48 እና ከ120 ሰዓት በኋላ እንደገና ይታያል። ትክክል ነው እላለሁ። አልጋው ሥር ቆሞ የልጆቹን ልመና እየሰማ ማን ይምረጥ? ደግሞስ ዘመድ ያለው ወይም ብር ያለው እንዳይቀድም ምን ያግዳል?

እናትዎ ሆስፒታል ከገቡ ከመታመማቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ይንገሩ፤ ራሳቸው ገበያ ይሄዱ ነበር? ያበስሉ ነበር? ይህ ይቆጠርላቸዋል። ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ መቆየት ይፈልጉ እንደሆነም ደህና ሳሉ እሳቸውን ራሳቸውን ይጠይቋቸው። ቬንቲሌተር አልተገኘም ማለት ተጣሉ ማለት አይደለም፤ ኦክስጅኑ፣ የትንፋሽ ጭንቀት የሚያቃልለው መድኃኒት፣ እንክብካቤው ይቀጥላል። ይህ ከተቋረጠ ዝም አይበሉ። ማን ወሰነ፣ በምን መስፈርት፣ መቼ እንደገና ይታያል ብለው ይጠይቁ። መልስ ሊሰጥዎ ይገባል።