ከመሪው ቀድመን እንቅዘፍ ወይ ለምትሉ ወጣቶች

በላስ ቬጋስ የምትኖሩ፣ ከሁቨር ግድብ ሥር ተነሥታችሁ በብላክ ካንየን ውስጥ ሙሉ ቀን በካያክ ለመጓዝ ያሰባችሁ ልጆቼ፤

ከመካከላችሁ አንዱ ያቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «ከመሪ ጋር የሚሄድ ቡድን ቀርፋፋ ነው ይላሉ፤ እኛ ጉልበቱ ስላለን ቀድመን ብንቀዝፍና መድረሻው ላይ ብንጠብቃቸው ይፈቀድልናል ወይ?» አለኝ። በዕለቱ የመለስኩለት ደንቡን ብቻ ነው፤ መሪው ሳይፈቅድ ከቡድኑ መለየት እንደማይገባ ነግሬው ተለያየን። ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣም። እኔም በዚያው ወንዝ ላይ ቀድሜ የቀዘፍኩበት ቀን ስላለ፣ የዚያን ቀን ነገር በጽሑፍ ላቆይላችሁ ወሰንኩ።

ታላቅ ወንድሜ፣ በቤተሰባችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የሥራ ዘመናቸውን በአዋሽ ተፋሰስ በውሃ ልኬት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ወንዝ ዳር የተተከለውን የከፍታ መለኪያ ዘንግ ማንበብ፣ የፍሰቱን ፍጥነት መለካት፣ የደለሉን መጠን ለማወቅ ውሃ ቀድቶ መላክ ሥራቸው ነበር። እኔ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ ስለ ሲሚንቶና ብረት ሳሰላ ስኖር፣ እሳቸው ወንዝ ሲጠብቁ ኖሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሊጠይቁኝ ወደ ኔቫዳ በመጡ ጊዜ የከተማችን መብራትና ፎቅ ብዙም አልሳባቸውም። ያሳስባቸው የነበረው የቧንቧችን ውሃ ከየት እንደሚመጣ ነበር። ከመቶ 90 ያህሉ ግድቡ ከያዘው ከሚድ ሐይቅ እንደሚቀዳ ስነግራቸው «እንግዲያው ወንዙን ከግድቡ በታች ሳላየው አልመለስም» አሉ። ብዙዎቻችን በሆቴሉና በታክሲው የሌሊት ሥራ ተጠምደን፣ ከአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ባነሰ ርቀት ላይ የሚፈሰውን የኮሎራዶን ወንዝ ሳናየው ዓመታት እናሳልፋለን። እሳቸው በመጡ በሳምንታቸው ጠየቁት።

ጉዞው በሚያዝያ ወር ነበር። ከግድቡ ሥር ያለው ስፍራ ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ ማንም ጀልባውን ተሸክሞ በራሱ አይገባበትም፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ድርጅት መታወቂያችሁን አይቶ በራሱ መኪና ያወርዳችኋል። ማለዳ እዚያ ስንደርስ በ1935 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠናቀቀው፣ 221 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ከላያችን ቆሞ ነበር። ከፊታችን ደግሞ በ2010 የተከፈተው ድልድይ ከውሃው በላይ 270 ሜትር ገደማ ላይ ሁለቱን ግዛቶች፣ ኔቫዳንና አሪዞናን፣ አገናኝቶ ይታያል። እኔ በሙያዬ ልማድ ዓይኔን ወደ ላይ ሰቅዬ ቀረሁ። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱና ወዲያው አወጡት፤ «ይህ ውሃ ፀሐይ አላየም» አሉ። ትክክል ነበሩ። ውሃው ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለሚለቀቅ፣ በረሃው ከላይ ሲቃጠል እንኳ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም። ግድቡ ሳይሠራ በፊት የነበረው ወንዝ በደለል የቀላ፣ በበጋው ሙቀት የሚሞቅ ነበር፤ ዛሬ የምታዩት አረንጓዴና ጥርት ያለ ፈሳሽ ደለሉን ሐይቁ ውስጥ ጥሎ የመጣ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ከአንድ የእጅ ንክር ተረዱት።

መሪያችን በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ አሜሪካዊ ነበር። ጋሼ መዋኘት እንደማይችሉ ስነግረው ባለ ሁለት መቀመጫውን ካያክ መርጦ ከፊቱ አስቀመጣቸው፤ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ቀበቶ ራሱ አጠበቀላቸው። ለእኔ ባለ አንድ መቀመጫ ደረሰኝ። ጋሼ እንግሊዝኛ በደንብ ያነባሉ፤ መናገር ግን አልለመዱም ነበርና የመሪውን ፈጣን አነጋገር ለመከተል ይቸገሩ ነበር። ከጎናቸው እየቀዘፍኩ ላስተረጉምላቸው እንደምችል ሁላችንም አውቀን ነው የተነሣነው።

እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ድረስ እንዲሁ አደረግሁ። ማረፊያው የግድቡ ሠራተኞች ድንጋይ ሲበሱ ፍል ውሃ ስላገኛቸው ትተውት የሄዱት ዋሻ ነው፤ ውስጡ ጨለማና እንፋሎት ነው። ጋሼ ከዋሻው ሲወጡ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በስተሰሜን ስላለው፣ ዘንባባ ስለከበበው ፍል ውሃ ማውራት ጀመሩ፤ መሪውም ደስ ብሎት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሸለቆው ጠበበ፤ የእሳተ ገሞራው ዐለት ጥቁርና ቡናማ ሆኖ በሁለቱም ወገን ሽቅብ ወጣ፤ የበረሃ በጎች ገደሉ ላይ ታዩ፤ እኔም ካሜራ ይዤ ነበርና ለአንድ ፎቶግራፍ ብዬ ትንሽ ቀደምኩ። ከዚያ ለሌላው ቀደምኩ። ውሃው ራሱ ወደ ታች ስለሚወስድ ለመቅደም ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ዞር ስል ቡድኑ መታጠፊያው ኋላ ቀርቶ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብቻዬን በዚያ ጸጥታ ውስጥ መንሳፈፉን ወድጄዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን መጥፎ ነበር ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ለምሳ የቆምነው የአሪዞና ፍል ውሃ በሚባለው ስፍራ ነው። ከወንዙ ዳር ጠባብ ቦይ ተከትላችሁ ጥቂት በእግር ከሄዳችሁ በኋላ፣ 6 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የብረት መሰላል ወጥታችሁ ፍል ውሃው ወደሚጠራቀምባቸው ገንዳዎች ትደርሳላችሁ። እኔ ከወጣቶቹ ጋር ወጣሁ፤ ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ከመሪው ጋር ወንዙ ዳር ቀሩ። ስመለስ ጀልባዎቹ ሁሉ ትተናቸው ከሄድንበት ከፍ ብለው ተጎትተዋል፤ ጋሼም ከአንዲት ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ተቀምጠዋል። እንደ ደረስን እንጨቷን በውሃው ጠርዝ ተክለው፣ በቢላዋ ምልክት አድርገውባት፣ እኛ ስንታጠብ ውሃው ስንት ምልክት እንደወጣ ሲያነቡ ቆይተው ነበር። ከግድቡ የሚለቀቀው መጠን ከተሞቹ በሚፈልጉት የኤሌክትሪክ ኃይል ልክ ይጨምራል፣ ይቀንሳልም፤ ወንዙም በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። «ከተማው ሥራ ገብቷል» አሉኝ በእንጨቷ እያሳዩኝ።

መሪው ወደ እኔ ዞሮ ያለኝን አልረሳውም። «ወንድምህ የሚሠሩትን አያለሁ፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው እንደሆኑም ይገባኛል፤ የሚሉኝን ግን መረዳት አልቻልኩም» አለ። ተቀምጬ ጥቂት አስተረጎምኩ። ጋሼ ኃይሉ ለማን እንደሚደርስ ጠየቁ፤ መሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ካሊፎርኒያ እንደሚሄድ ነገራቸው። መሪው ደግሞ የእሳቸው ወንዝ የት እንደሚገባ ጠየቀ፤ ጋሼ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ ነገሩት። መሪው ኮሎራዶም ከዘመናት መስኖና የከተማ ቧንቧ የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር እንደማይደርስ ሲነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ፤ ቀጥለውም ስለ ቆቃ ግድብና ስለ ደለል አንድ ነገር ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ሳይነሣ መንቀሳቀስ ነበረብንና ጨዋታው ተቋረጠ። ጀልባው ላይ ይቀጥል ነበር፤ የሚያስተረጉም ቢኖር።

እኔ ግን እንደገና ቀደምኩ። ከመድረሻው በላይ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው አረንጓዴው ዋሻ፣ ኤመራልድ ኬቭ የሚሉት፣ ፀሐይ በትክክለኛው ማዕዘን ስትገባበት ብቻ እንደሚያበራ ሰምቼ ብርሃኑ ሳያመልጠኝ ለመድረስ ቸኮልኩ። መንገድ ላይ ገደሉ ጎን የተሰቀለ ጠባብ የእግረኛ መተላለፊያና በወንዙ ላይ የተዘረጋ ሽቦ አየሁ፤ አንድ ፎቶ አንሥቼ አለፍኩ። ያ ስፍራ በግድቡ ዘመን ወንዙን የሚለካ ሠራተኛ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚፈስና ምን ያህል ደለል እንደያዘ ለማወቅ በዚያ መተላለፊያ እየተመላለሰ፣ ወንዙንም በሽቦ ላይ በሚሄድ ሣጥን እየተሻገረ ይሠራበት የነበረ የልኬት ጣቢያ ነው። መሪው ጋሼን እዚያ አቁሞ ረጅም ጊዜ አነጋግሯቸዋል። በረሃ ውስጥ፣ በሌላ አገር፣ የገዛ ሥራቸውን ሥራ የሠራ ሰው የተመላለሰበትን ገደል እያዩ፣ አንደኛው በእንግሊዝኛ ሌላኛው በአማርኛና በእጅ ምልክት ሲጨዋወቱ፣ ሁለቱን ሊያገናኝ የሚችለው ሰው አረንጓዴ ዋሻ ውስጥ ካሜራ ያስተካክል ነበር።

መድረሻችን ዊሎው ቢች ላይ ስንገናኝ ደስተኛ ነበሩ፤ አልተቀየሙኝም። በመኪና ስንመለስ ብቻ «ያ ሰውዬ ስለ ለኪው ሲነግረኝ ጥሩ ነገር ይናገር ነበር፤ ግማሹን ነው የያዝኩት። እኔም የምነግረው ነበረኝ» አሉ። ምን ሊነግሩት እንደነበር ሌላ ቀን እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት። ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ በስልክ ስንገናኝ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ እናወራለን፤ ለወንዝ ጊዜ አልተረፈንም። ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ ጣቢያው ታሪክ የተጻፈውን በኋላ አንብቤ አውቄዋለሁ፤ የአዋሹ ለኪ ለኮሎራዶው ለኪ ሊሉት የነበረውን ግን የትም አላገኘውም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጥያቄህ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ቡድኑ የሚዘገየው መሪው ስለሚያሳይና ስለሚናገር ነው፤ የከፈልከውም ለዚያ ነው። 19 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ ለመውረድ ብቻ ከሆነማ ወንዙ ራሱ ያወርድሃል። በፈጣሪ የተሰጣችሁን ጉልበት አልነቅፍም፤ ነገር ግን የዛሬ ወጣቶች ቦታ የምትመርጡት በስልክ ላይ ባያችሁት ምስል እየሆነ መምጣቱ ያሳዝነኛል። አረንጓዴውን ዋሻ የማያውቅ የለም፤ ከእሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለውን የልኬት ጣቢያ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። ዐለቶች ላይ የተተከሉ የብረት ቀለበቶች እንደነበሩ፣ የእንፋሎት ጀልባዎች በእነሱ ገመድ እያሰሩ ኃይለኛውን ውሃ ሽቅብ ይሳቡ እንደነበር፣ በ1858 የአሜሪካ ጦር መኮንን ጆሴፍ አይቭስ በእንፋሎት ጀልባው መጥቶ ከዚህ ሸለቆ መግቢያ ላይ ከዐለት ጋር እንደተጋጨ የሚነግራችሁ መሪው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እናንተ ከእኛ ትውልድ በተሻለ ትጠይቃላችሁ፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ ታላላቆቼን እንዲህ ፊት ለፊት አልጠይቅም ነበር።

ስለ ውሃ መጠጣትና ስለ ባርኔጣ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ጃኬታችሁን ለፎቶ ብላችሁ አታውልቁ፤ ያ ቅዝቃዜ ድንገት የወደቀን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ዋናተኛንም አይምርም። ፍል ውሃው ውስጥ ደግሞ ራሳችሁን አትንከሩ፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ ናግሌሪያ ፋውለሪ የተባለ ተሕዋስ በእንዲህ ዓይነት ውሃ ሊኖር ስለሚችል የፓርኩ አስተዳደር ራሱ ያስጠነቅቃል። ከቻላችሁ እሑድ ወይም ሰኞ ሂዱ፤ በእነዚህ ቀናት በላይኛው ሸለቆ የሞተር ጀልባ አይፈቀድም፤ የመሪው ድምፅም በደንብ ይሰማል። በየማረፊያው ረጋ በሉ ብዬ እመክራለሁ፤ ሆኖም መሪው «እንነሣ» ሲል አትከራከሩት፤ የከሰዓቱ ነፋስ ሲነሣ ወደ ኋላ ይገፋችኋል።

ሌላው ጓደኛችሁ ከአዲስ አበባ የመጡትን እናቱን ይዞ ሊሄድ እንዳሰበ ሰምቻለሁ። ቦታ ስታስይዝ መዋኘት እንደማይችሉ አስቀድመህ ተናገር፤ ባለ ሁለት መቀመጫም ጠይቅ። አቅጣጫ የሚይዘው ከኋላ የሚቀመጠው ነውና እናትህን ከፊት አስቀምጠህ አንተ ከኋላ ሁን፤ ከመሪው ጀልባም አትራቅ፤ የሚናገረውንም እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ መልስላቸው። እሳቸው የሚጠይቁት ካለ ሳይቆይ ለመሪው ንገረው።