ስለ ግዙፉ የእስያ ቀርከሃ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቀርከሃ ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ቡቃያው ስለሚበላው ግዙፍ ቀርከሃ፣ ስለ ዴንድሮካላመስ አስፐር ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፔቱንግ ይሉታል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ይረዝማል?

ከ20 እስከ 30 ሜትር። ግንዱ እስከ 20 ሴንቲሜትር ይወፍራል። ቁመቱን በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ መጠንከር ብቻ ነው። ለግንባታ የምትፈልጉትን ቢያንስ 3 ዓመት ጠብቁት።

ጥያቄ፦ ቡቃያው በጥሬው ይበላል?

በፍጹም! እባካችሁ፣ ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ቡቃያው ውስጥ ታክሲፊሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ይለቃል። ደግነቱ ሙቀት ያጠፋዋል። ቅርፊቱን ልጣችሁ በስሱ ክተፉት። ከዚያ ድስቱን ሳትከድኑ በደንብ ቀቅሉት፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይውጣ። ውሃውን ድፉት። አሁንም ከመረረ በአዲስ ውሃ ድገሙት። ስትልጡ ጓንት አድርጉ፤ ቡናማው ፀጉሩ ያሳክካል። ከተቀቀለ በኋላ ግን ግሩም ነው። የኢንዶኔዥያዋ የስማራንግ ከተማ ሰዎች ሉምፒያ የሚባለውን ታዋቂ ጥቅልላቸውን የሚሞሉት በቀርከሃ ቡቃያ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ይቆረጣል?

በዝናብ ወቅት፣ ከመሬት ብቅ እንዳለ። ፀሐይ ሲያገኘው ይመራል፤ ስለዚህ አፈር አልብሱት።

ጥያቄ፦ የበቀለውን ሁሉ ብቆርጠውስ?

ተክሉን ትጎዳለህ። ዛሬ ቡቃያ የሆነው ነው ነገ ግንድ የሚሆነው። ከእያንዳንዱ እግር ጠንካራ ጠንካራውን ለማደግ ተውለት።

ጥያቄ፦ ካበበ ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። የሚያብበው በብዙ አሥርት ዓመታት አንዴ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታይላንድ ውስጥ በሰፊው አብቦ ብዙ እርሻ ደርቋል። ገበሬው ከግንድ እየቆረጠ ስለሚያራባው የአንድ እናት ልጆች በአንድ ጊዜ ያብባሉ። እኔ የምለው፣ ችግኝ ስትገዙ ከተለያየ ምንጭ ቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ የኛው አገር ቀርከሃስ ይበላል?

የቆላው፣ ሽመል የምንለው፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ቡቃያው ይበላል። ይህ እውቀት ለሌሎቻችንም ቢደርስ እንዴት ደስ ባለኝ!

ጥያቄ፦ አስፐርን ሱሉልታ ልትከለው?

አልመክርሽም፣ እህቴ። ሙቀትና በቂ ዝናብ ይፈልጋል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬትም አይስማማውም። የሚመቸው ከ1,500 ሜትር ከፍታ በታች ነው። ሱሉልታ ደግሞ ደጋ ነው፤ እዚያ የደጋችንን ቀርከሃ ትከዪ።